ባዶ ቀልሃ በምዕራብ ጠረፍ፦ ጥይትን መልሶ የመሙላት ታሪክ ከካርቱም እስከ አሶሳ

የጦር መሣሪያ ታሪካችን ሲጻፍ የሚቆጠረው ጠመንጃ ነው። ይህ ንጉሥ ይህን ያህል ሺህ አስገባ፣ ያኛው ራስ ይህን ያህል ማረከ ይባላል። ጥይቱ ከቁጥሩ ጀርባ ይቀራል፤ ተተኩሶ መሬት ላይ የወደቀው ቀልሃማ ጭራሽ አይነሳም። ከአሶሳና ከሆሞሻ ተነሥቶ ኩርሙክ ድረስ በሚዘልቀው የበርታ አገር ግን ነገሩን ከቀልሃው በኩል ማየት የሚሻል ይመስለኛል። በዚያ ጠረፍ ማን ስንት ጠመንጃ አለው የሚለው ጥያቄ ዝናሩ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ የሚያገለግል ነበር። ከዚያ በኋላ ኃይልን የሚወስኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ባዶውን ቀልሃ ወደ ልኩ የሚመልስ መጭመቂያ፣ መጭመቂያውን ሳይበላሽ የሚይዝ ባለሙያ፣ እና ባሩዱን የምታቀጣጥል፣ በአካባቢው ማንም ሊሠራት ያልቻለ አንዲት ትንሽ ካፕሱል። እነዚህ ሦስቱ በነበሩበት ጊዜና ቦታ ጠመንጃው መሣሪያ ሆኖ ይቆያል፤ በሌሉበት ግን ባለቤቱ የሩቅ ሻጭ ጥገኛ ነው።

ጥገኝነቱ ከመጀመሪያው አልነበረም። የመሐመድ ዓሊ ልጅ ኢስማኢል ፓሻ ሰናርን ይዞ በ1814 ዓ.ም. ወርቅ ፍለጋ ወደ ፋዙግሊና ወደ ቤኒሻንጉል ተራሮች ሲዘልቅ ወታደሮቹ የያዙት በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። እንዲህ ያለው ጠመንጃ ባሩድና ክብ የእርሳስ አረር ካገኘ ሌላ ብዙ አይጠይቅም። ባሩድ ደግሞ በኢትዮጵያም በሱዳንም በአገር ሰው እጅ ይሠራ ነበር፤ ድኙ ከአፋር በረሃ ይመጣ ነበር፣ ከሰሉም አያጠራጥርም። ስለዚህ ጠመንጃውን አንድ ጊዜ በወርቅ ወይም በባሪያ የገዛ የጠረፍ ሹም ከዚያ በኋላ ለመተኮስ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ይህ ሁኔታ የተለወጠው ግብፅ ሠራዊቷን በአሜሪካው ረሚንግተን ስታስታጥቅ ነው። ረሚንግተኑ በናስ ቀልሃ የታሸገ ሙሉ ጥይት ከኋላ ይጎርሳል፤ ይፈጥናል፣ ርቆ ይመታል፣ ዝናብም ብዙ አይበግረውም። በ1868 ዓ.ም. ግብፆች በጉንደትና በጉራዕ ሲሸነፉ ብዙ ሺህ ረሚንግተን በአፄ ዮሐንስ ወታደሮች እጅ ገባ። በምዕራቡ ጠረፍ ደግሞ ይኸው ጠመንጃ ከግብፅ የጦር ሰፈሮች እየሾለከ ወታዊት ወደሚባሉት የበርታ አገር ገዢ ሼሆች ደረሰ። ጠመንጃው መጣ፤ ጥይቱን የሚሠራው ፋብሪካ ግን አልተከተለውም።

መልሶ የመሙላቱን ሥራ በጥቂቱ ማወቅ ለሚቀጥለው ታሪክ ይጠቅማል። ጥይት ሲተኮስ የናሱ ቀልሃ በውስጡ በሚነሣው ግፊት ይለጠጥና ጠመንጃው ውስጥ የተቀመጠበትን ጓዳ መልክ ይይዛል። መልሶ ለመሙላት የተቃጠለችው ካፕሱል ትወጣለች፣ ቀልሃው ይታጠባል፣ በመጭመቂያው ላይ በተገጠመ የብረት ዳይ ውስጥ ተገፍቶ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል፣ አዲስ ካፕሱል ይቀመጥበታል፣ ባሩዱ ይገባል፣ በመጨረሻም አረሩ አፉ ላይ ይጠብቃል። ሲሉት ቀላል ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ግን የራሱ ሕመም አለው፤ የሕመሙም ምንጭ ብዙ ጊዜ መጭመቂያው ነው። ቀልሃው ሳይቀባ ከገባ ዳዩ ውስጥ ይነክስና አይወጣም፤ በጉልበት ሲጎትቱት ጠርዙ ይቀደዳል። የእጀታው ፒን ከላላ ገፊው ዘንግ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ አረሩ ተንጋዶ ይቀመጣል፣ ተኩሱም ዒላማ ይስታል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸትና አሸዋ ሳይጠረግ ሲቀር ዳዩን ይፈገፍገዋል፤ የተፈገፈገ ዳይ እየሰፋ ስለሚሄድ ከውስጡ የወጣው ቀልሃ ወፍሮ ጓዳው ውስጥ አይገባም። ካፕሱሏ ወደ ጥልቀቷ ካልወረደች የመምቻው መርፌ ጉልበቱን እሷን በመግፋት ይጨርሳል፤ ጥይቱም ይከሽፋል። ናሱ ራሱ በመለጠጥና በመጨመቅ ብዛት ይደርቃል፣ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ያልታጠበውን ደግሞ የባሩዱ ጨው በጥቂት ሳምንት ይበላዋል። ስለዚህ ደህና ባለሙያ የከሸፈ ጥይት ሲያይ ባሩዱን ከመሳደቡ በፊት ወደ መጭመቂያው ሄዶ ፒኑን ይነቀንቃል፣ ዳዩን ያጸዳል፣ ግራሶ ይቀባል፣ የካፕሱሏን ማስቀመጫ ይለካል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። መልሶ የተሞላ ጥይት የድሃ ጥይት ነው፤ የሚከሽፍ፣ አንዳንዴም በተኳሹ ፊት የሚፈነዳ ነገር ነውና በእሱ ላይ የኃይል ታሪክ አይቆምም ሊባል ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው በተመሳሳይ ዘመን የነበረው የአሜሪካ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ጎሽ አዳኞች ከከተማ ርቀው በሚያሳልፉት የአደን ወቅት የገዛ ቀልሃቸውን በእጅ መሣሪያ እየሞሉ ይተኩሱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ጆን ባርሎው ያቋቋመው አይዲያል የተባለ ኩባንያ ኑሮውን የመሠረተው ለዚሁ ሥራ መሣሪያ በመሸጥ ነበር። ጥይታቸው ድሃ አልነበረም፤ እንዲያውም ለጠመንጃቸው ተለክቶ የተሠራ በመሆኑ ተመራጭ ያደረጉት ብዙዎች ናቸው። መሙላቱ በራሱ ጥይትን መጥፎ አያደርግም ማለት ነው። አዳኙ መለዋወጫውንና ካፕሱሉን ግን በቆርቆሮ ታሽጎ ከከተማ ሱቅ ይገዛ ነበር። ከእኛ ጠረፍ ጋር ያለው ልዩነት የመጣው ከዚህ ላይ ነው።

በቤኒሻንጉል ጎረቤት የሆነው ተቃራኒው ነው። ጥር 1877 ዓ.ም. ካርቱም በግብፅ አገዛዝ ላይ በተነሡት ማህዲስቶች እጅ ስትወድቅ የከተማዋ ገዢ እንግሊዛዊው ጎርደን በከበባው ወራት ጥይት ያሠራበት የነበረው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ከነመሣሪያው ተማረከ። የማህዲው ተተኪ ኸሊፋ አብዱላሂ መናገሻውን ኦምዱርማን ላይ ቢያደርጉም ይህንን ፋብሪካ አልተዉትም፤ የቀድሞ ሠራተኞችና ምርኮኞች እየተሰበሰቡ የረሚንግተን ቀልሃ ይሞሉበት ነበር። ከዚያ ያመለጡ አውሮፓውያን ስለ ምርቱ ሲጽፉ ባሩዱ ደካማ፣ ጥይቱም አጭር ርቀት የሚሄድ እንደነበር ይስማማሉ። በ1879 ዓ.ም. የተማረከው ጀርመናዊው ነጋዴ ቻርልስ ኒውፌልድ ለባሩዱ የሚሆነውን ጨው እንዲያወጣ ታዞ ሥራውን ሆን ብሎ እንዳበላሸ ጽፏል። ይህን ቃል ለብቻው ማመን ይከብዳል፤ ኒውፌልድ ነጻ ከወጣ በኋላ ጠላትን አገልግሏል ተብሎ ሲወቀስ የነበረ ሰው ነውና እንዲህ ማለቱ ይጠቅመው ነበር። ደግሞም አንድ ሰው ያበላሸው ጨው የአሥራ ሦስት ዓመት ምርት ለምን እንደደከመ አያስረዳም። ይልቅ ከአውሮፓ መለዋወጫ ሳይመጣለት፣ አዲስ ዳይ ሳይተካለት፣ የፋብሪካ ካፕሱል ክምችቱ እየተሟጠጠ ለአሥራ ሦስት ዓመት የሠራ ማንኛውም መጭመቂያ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ነሐሴ 1890 ዓ.ም. በኦምዱርማን ሜዳ የማህዲስቱ ተኩስ በአብዛኛው ከእንግሊዞች ፊት ለፊት አጥሮ ሲወድቅ መልሱ ታየ።

ግን ያ ደካማ ጥይት በቤኒሻንጉል ላይ ክብደት ነበረው። ከ1877 ዓ.ም. በኋላ የማህዲስቱ ጦር ወደ በርታ ተራሮችና ወደ ወለጋ ጠርዝ ሲገፋ በአካባቢው ሰው እጅ የነበረው በአብዛኛው ጦር፣ ጎራዴ፣ ቀስትና የሚወረወር ዱላ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ተጋጣሚ በአጭር ርቀት የሚመታ ጥይትም ይበቃል። ጥቅምት 1881 ዓ.ም. ጉቴ ዲሊ ላይ ራስ ጎበና ሲገጥሟቸው ሁኔታው ሌላ ነበር፤ እዚያ ጠመንጃ በጠመንጃ ተጋጠመ፣ ማህዲስቶቹም ተሸንፈው ተመለሱ። ለሽንፈቱ ምክንያቱ ጥይቱ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን አያስኬድም፤ የጎበና ፈረሰኛና የወለጋ ገዢዎች ድጋፍ ነበረ። በዚያው ዓመት መጋቢት መተማ ላይም አፄ ዮሐንስ ድል ሊያደርጉ ሲቃረቡ በጥይት ተመተው የጦርነቱ ውጤት ተገልብጧል፤ ድሉን የገለበጠው ጥይት የተገዛም ይሁን የተሞላ ሞት ያው ነው። ልል የምፈልገው ከዚህ ያነሰ ነው። ማህዲስቱ መንግሥት ከካርቱም በራቀ ጠረፍ ለአሥር ዓመት ያህል ጦር ሊያሰማራ የቻለው ያረጀም ቢሆን ቀልሃ የሚሞላ ቤት ስለነበረው ነው። የበርታ ሼሆች ያ ቤት አልነበራቸውምና አንድ ጊዜ ከማህዲስቱ፣ ሌላ ጊዜ ከምኒልክ ጋር እየተስማሙ ማደር ግድ ሆነባቸው።

ምኒልክ የሄዱት በሌላ መንገድ ነው፤ ገዙ። ከጅቡቲና ከኦቦክ በኩል ነጋዴዎች ያመጡላቸው ነበር። ገጣሚው አርተር ሬምቦ ራሱ በ1879 ዓ.ም. ያረጁ ጠመንጃዎችና የረሚንግተን ጥይት ጭኖ ወደ ሸዋ ወጥቷል። በኋላ ፈረንሳይ ጦሯን በለበል ስትተካ ያራገፈችው የ1874ቱ ግራ ጠመንጃ በብዛት ገባና ውጅግራ ተብሎ የአገር ዕቃ ሆነ። በ1882 ዓ.ም. የብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ለመግታት ሲወጣ ንግዱ ተሰናከለ እንጂ አልቆመም። የአድዋ ድል የጥይት ፋብሪካ ሳይኖር የተገኘ ነው፤ ታዲያ መጭመቂያውን ይህን ያህል ማግነን ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ እዚህ ይነሣል። አድዋ ግን የአንድ ቀን ጦርነት ነው። ለዓመታት የተከማቸ ጥይት በአንድ ጠዋት ሊወጣ ይችላል፤ ለአንድ ጠዋትም ክምችት ይበቃል። ጠረፍ የሚጠብቅ ጦር፣ ግብር የሚሰበስብ ሹም፣ ከወራሪ ራሱን የሚከላከል መንደር ግን ጥይት የሚፈልገው በየዓመቱ ነው። ጥይት በዚያ ዘመን ገበያ ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደነበር ይታወቃል፤ ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በገበያ ገንዘብ የሆነ ነገር እንዲሁ አይተኮስም። አዳኙም ሆነ ነፍጠኛው ቃታ ሲስብ ኪሱን እያሰበ ነው፤ ቀልሃውንም ከሣር ውስጥ ፈልጎ የሚያነሳው ለዚሁ ነው። ውጅግራ ለዚህ የተመቸ ነበር፤ ቀልሃው ትልቅ፣ ባሩዱ ጥቁር፣ አረሩ ያለ ልባስ እርሳስ ነውና በአገር ባሩድና በአገር እርሳስ መሙላት ይቻላል። ካፕሱሏ ግን ከባሕር ማዶ መምጣት አለባት፤ ስታልቅ ጥሩው ባሩድም ጥሩው ናስም ያለ ጥቅም ይቀመጣሉ።

ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ሲዘምቱ ይህ ልዩነት በሜዳ ላይ ታየ። አንደኛው ወገን ከባሕር በር ጋር የተያያዘ የጥይት ምንጭ ያለው መንግሥት ነው፤ ሌላኛው ወገን ከኦምዱርማን በሚሾልክና በዚያው ዓመት በሚደርቅ ምንጭ የሚኖር የሼሆች አገር ነው። ሼሆቹ ተሸነፉ፤ የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰንም በኋላ ለዓመታት አዲስ አበባ ታስረው ቆዩ። ተፈተው ወደ ሹመታቸው ሲመለሱ ግን ከአካባቢው ገናና ሼሆች ሁሉ በላይ የወጡት እሳቸው ሆኑ፤ በአዲስ አበባ ሸጎሌ ሰፈር ስማቸው እስከ ዛሬ አለ። የኃይላቸው መሠረት ወርቅና ባሪያ እንደነበር የሚካድ አይደለም፤ ባለቤታቸው ሲት አምና በባሪያው ንግድ ምክንያት በሱዳን መንግሥት እጅ እስከ መውደቅ ደርሰዋል። ወርቅ ያለው ሰው ጥይት ስለመሙላት ምን አስጨነቀው፣ ይገዛል እንጂ ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ ይገዛል፤ ሻጩ እስከፈቀደ ድረስ። የግንቦት 1894 ዓ.ም. የወሰን ውል ቤኒሻንጉልን ወደ ኢትዮጵያ ሲያስገባ በጠረፉ ማዶ የቆመው መንግሥት ጠመንጃና ባሪያ እንዳያልፍ የሚጠብቅ የእንግሊዝ አስተዳደር ሆነ። በ1896 ዓ.ም. በጀበል ጀሮክ ባሪያ ፈንጋዩን ኢብራሂም ወድ ማህሙድን ይዞ የሰቀለው ይኸው አስተዳደር ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ መንገዱ በአዲስ አበባ ያልፋል። ስለዚህ የሼህ ሆጀሌ ዝናር የሚሞላው በቤተ መንግሥቱ ፈቃድ ሆነ፤ ግብሩም በየዓመቱ የሚደርሰው ከዚህ የተነሣ ይመስላል። ቀልሃ መሙላት ይህን ጥገኝነት አልሰበረውም፤ አንድ ጥይት ብዙ ጊዜ እንዲተኮስ እያደረገ ገመዱን ትንሽ አረዘመው እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ ያንኑ ገመድ አሳጠረው። ለበልና ሞዘር የሚተኩሱት ጭስ አልባ ባሩድ ነው፤ ይህን በአገር ቤት ሙቀጫ ማንም አይወቅጠውም። አረሩ በመዳብ ወይም በኒኬል የተለበጠ ነው። ግፊቱ ከጥቁር ባሩድ በብዙ የላቀ በመሆኑ በውጅግራ ቀልሃ ላይ ይቅር የሚባል የልክ ስህተት በሞዘር ላይ መቆለፊያውን ሊሰብር ይችላል። ሌላም ችግር ነበር፤ የጠመንጃው ዓይነት መብዛት። የውጅግራው 11 ሚሊሜትር፣ የለበሉ 8፣ የሞዘሩ 7.92፣ የጣልያኑ ቬተርሊና ማንሊከር በየራሳቸው ልክ በአንድ ሠራዊት ውስጥ ሲገናኙ መጭመቂያው አንድ ቢሆን እንኳ ዳዩ ለየዓይነቱ ለብቻ ነው፤ ካፕሱሏም እንዲሁ። በ1928 ዓ.ም. በማይጨው የተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት ከነዚህ ሁሉ ይዞ ነበር። ከጦርነቱ በፊት አውሮፓውያን በሁለቱም ወገን ላይ የጣሉት የመሣሪያ ማዕቀብ ፋብሪካ ያላትን ጣልያንን አልጎዳም፤ የጎዳው ጥይት ገዢዋን ኢትዮጵያን ነው። በአምስቱ ዓመት አርበኛው ዋና የጥይት ምንጩ የጠላት ዝናር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የጣልያን ጥይት ለጣልያን ጠመንጃ ይሆናልና ጠመንጃውንም ጭምር መማረክ ያስፈልግ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣልያን ያስለቀቀው የቤልጅየም ኮንጎ ጦር ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረበትም፤ ርቀቱ ቢያስቸግረውም የራሱ የአቅርቦት መስመር ነበረው።

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ትምህርቱን የወሰደች ይመስላል። በቼኮዝሎቫኪያ እገዛ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ በ1980 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ አካባቢ የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ ተተከለ። የፋብሪካ መጭመቂያም ቢሆን የሚታመመው እንደ እጅ መጭመቂያው ነው፤ ዳይ ይበላል፣ ዘንግ ይጣመማል፣ ካፕሱል ከልክ ውጭ ይቀመጣል። ግን መለዋወጫ የሚቀርጽ ወርክሾፕና በየፈረቃው ናሙና የሚለካ ሰው አጠገቡ አለ። ይህ ሲሆን ቀልሃ የመሙላት የእጅ ሙያ በመንደር ውስጥ ሞተ። ምክንያቱ ፋብሪካው ብቻ አይደለም፤ ክላሽ ነው። የክላሽ ቀልሃ በአብዛኛው ከናስ ሳይሆን ከብረት የተሠራ ነው፤ ብረት ለመመለስ ይቸግራል፣ ይዝጋል፣ ዳይም ይበላል። ካፕሱሏ ደግሞ አሜሪካዊው በርዳን እ.ኤ.አ. በ1866 ያወጣው ዓይነት ናት። በበርዳን ቀልሃ መካከል ላይ የብረት ጉብታ አለ፤ እሳቱ የሚያልፈው በጎን ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ነውና የተቃጠለችውን ካፕሱል በአንድ ቀጭን ዘንግ ገፍቶ ማውጣት አይቻልም። እንግሊዛዊው ቦክሰር ያወጣው መካከለኛ ቀዳዳ ያለው ዓይነት በአሜሪካ ተስፋፍቶ ዛሬም አሜሪካዊው ተኳሽ ቤቱ ተቀምጦ ይሞላዋል፤ የአሜሪካዊው ፈጠራ ደግሞ አውሮፓን ዞሮ በምሥራቁ ጎራ ጥይት ወደ እኛ መጣ። የጠመንጃ ዓለም እንዲህ ያለ ፌዝ አያጣም።

ውጤቱን ለማየት ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ የተከሰተውን መመልከት ይበቃል። ኩርሙክ በ1980 ዓ.ም. እንደገናም በ1989 ዓ.ም. በሱዳን ሕዝብ ነጻነት ጦር ተይዛለች፤ አሶሳም በ1982 ዓ.ም. በሻዕቢያና በኦነግ እጅ ገብታ ነበር። በነዚህ ውጊያዎች ሁሉ የጥይቱ ምንጭ መጋዘን፣ ምርኮና ጠረፍ ተሻጋሪ ጭነት ነው፤ የተተኮሰውን ቀልሃ ጎንበስ ብሎ የሚለቅም ተዋጊ ካለ የሚለቅመው ለመሙላት አይደለም። የመሣሪያ ቁጥጥሩም አብሮ ተቀይሯል። በሼህ ሆጀሌ ዘመን ካፕሱሏን የያዘ መንግሥት ጠመንጃውን ሁሉ የያዘ ያህል ነበር፤ ጥይት በርካሽ በጭነት በሚሻገርበት ዘመን ግን ያ መያዣ የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያንና ጥይትን በፈቃድና በምዝገባ ሥር ሲያደርግ ይህንን ክፍተት በወረቀት ለመዝጋት መሞከሩ ነው፤ በዚያው ዓመትና በቀጣዩ በመተከል የፈሰሰው ደም ግን ወረቀቱ በጠረፍ ላይ ምን ያህል እንደሚይዝ አጠራጣሪ አድርጎታል። ታዲያ መሙላት ከቀረ መጭመቂያው ታሪክ ብቻ ሆኖ ቀረ ማለት ነውን? አይመስለኝም። ጥይት በጭነት የሚገባው ጠረፉ ክፍት ሲሆንና ሻጭ ሲኖር ነው። ሁለቱ የተዘጉበት ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም. እንደሆነው፣ ጥያቄው ተመልሶ የሚመጣው ወደ ዳዩ፣ ወደ ባለሙያውና ወደ ካፕሱሏ ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ ሦስቱም ያሉት አምቦ አካባቢ ባለው ፋብሪካ እንጂ በአሶሳ ገበያ አለመሆኑ ነው።